ከሩዝ ማሳ ወደ ጠጠር ክምር፦ የትንሿ ትራክተር የፊት አክስል

«ጋሼ፣ ይህችን ሲገዟት ስንት ሰዓት ሠርታ ነበር?» አለ መካኒኩ፣ ከተንበረከከበት ቀና ሳይል።

«አራት መቶ ምናምን ነው ያሉኝ። አሁን ዘጠኝ መቶ አልፋለች።»

«እስከ ዛሬ ይህንን ዘይት ከፍተው አይተውት አያውቁም?»

«የሞተሩን በየጊዜው እቀይራለሁ እኮ! እዚህ ታች ዘይት እንዳለ ማን ነገረኝ?»

ትራክተሯ ከሆዷ በክሪክ ተነሥታለች። የግራ የፊት ጎማዋ ተፈቶ ግድግዳ ተደግፏል። ከጎማው ጀርባ ካለው የማርሽ ቤት ሥር ብሎኑ ሲላላ የወረደው ዘይት ጥቁርም ቡናማም አይደለም፤ ነጣ ያለ፣ አረፋ ያዘለ ነው። ውሃ ገብቶበታል። መካኒኩ ማግኔት ነክሮ አወጣና ወደ ብርሃኑ ጠጋ አድርጎ አየው። ጫፉን ደቃቅ የብረት ብናኝ ሸፍኖታል፤ ከብናኙ መሀል የማርሽ ጥርስ ስባሪ አለች። ስባሪዋን በጨርቅ ጠርጎ የሽማግሌው መዳፍ ላይ አኖረላቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው እያገላበጡ አይዋት ጀመር።

ቦታው ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ምዕራብ፣ የቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ ነው። መካኒኩ አርሲ ውስጥ ማሴይ ፈርጉሰን ሲፈታ ሲገጥም ያደገ ሰው ነው። የትራክተሯ ባለቤት ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ጥቂት ሄክታር መሬት ገዝተው በግና ጎመን የያዙ አባት ናቸው። ትራክተሯ ከ30 የፈረስ ጉልበት በታች ያላት፣ አራቱም ጎማዎቿ የሚገፉ፣ ከፊቷ ሎደር (ባለ ባልዲ ማንሻ) የተገጠመላት ናት። በአሜሪካ ገጠር እንዲህ ያለችውን ትራክተር ግቢው ያቆመ ባለ መሬት ብዙ ነው። በረዶ ትጠርጋለች፣ ሣር ታጭዳለች፣ ፍግ ታወጣለች፣ ጠጠር ትጭናለች። የእኚህ አባት ትራክተር ደግሞ ከሁሉ አብልጣ የሠራችው የመጨረሻውን ነው፤ ከዋናው መንገድ እስከ ቤታቸው ያለውን ረጅም መግቢያ በባልዲ እያመላለሰች ጠጠር አልብሳዋለች።

«አክስሉ ደካማ ነው ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«አክስሉስ ደህና ነበር፤ የተሰጠው ሥራ ነው የማይሆነው።»

ይህ መልስ የማሽኑን ታሪክ በሙሉ ይዟል። ታሪኩ የሚጀምረው ከጃፓን ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን መሬት ለአራሹ ስታከፋፍል የአንድ ገበሬ ይዞታ በአማካይ አንድ ሄክታር አካባቢ ነበር፤ እሱም ብዙ ጊዜ እዚህና እዚያ የተበታተነ፣ በግድብ የታጠረ የሩዝ ማሳ ነው። እንዲህ ያለ ማሳ ውስጥ ትልቅ ትራክተር መዞሪያ እንኳ አያገኝም። ኩቦታ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1890 ኦሳካ ውስጥ በብረት ማቅለጫነት የተጀመረው ድርጅት፣ በ1960 የመጀመሪያውን የእርሻ ትራክተሩን ለገበያ አወጣ። ያንማር፣ ኢሴኪ፣ ሺባውራና ሚትሱቢሺም በዚያው መንገድ ገቡበት። እነዚህ ማሽኖች የተፈጠሩት ለአንድ ዋና ሥራ ነበር፦ ከኋላቸው ጭቃ የሚፈትግ ሮታቬተር ይዘው፣ ጉልበት በሚውጥ ረግረግ ውስጥ ቀስ ብለው መሄድ። ክብደቱም ጉልበቱም ወደ ኋላ ነው። የፊት ጎማዎቹ የሚነዱት ትራክተሩ ጭቃ ውስጥ እንዳይቀር፣ ከማሳ ወደ ማሳ ሲሻገርም ግድቡን ቧጥጦ እንዲወጣ ነው። ጭነት መሸከም ከእነሱ አይጠበቅም ነበር።

አክስሉም የተሠራው ለዚሁ ነው። በዛሬዎቹ አብዛኞቹ ሞዴሎች ከማርሽ ሳጥኑ የሚመጣው ጉልበት በቀጭን ዘንግ ወደ ፊት ይሄድና በአክስሉ መካከል ባለው ዲፈረንሻል ለግራና ለቀኝ ይከፈላል። ከዚያ ወዲያ ጉልበቱን የሚያስተላልፉት ማርሾች ናቸው። በአግድሙ ዘንግ ጫፍ ያለው ሾጣጣ ማርሽ ቁልቁል የቆመ አጭር ዘንግ ያዞራል፤ የዚያ ዘንግ የታችኛው ጫፍ ደግሞ ሌላ ሾጣጣ ማርሽ ይዞ ጎማውን ያዞራል። መሪው ሲታጠፍ ጎማው ከነማርሽ ቤቱ በዚያ በቆመው ዘንግ ዙሪያ ይዞራል። ግሩም ዘዴ ነው። ትራክተሩ በጠባብ ቦታ ይታጠፋል፣ አክስሉ ከመሬት ከፍ ይላል፣ ጭቃ የሚያገኘው የተጋለጠ መገጣጠሚያም የለም። ዋጋው ግን አለ። በየጎኑ ሁለት ጊዜ ጥርስ ከጥርስ ይገናኛል፤ በየጎኑ ብዙ ኩሽኔታ፣ ዘይቱን የሚዘጋ ብዙ ፓራኦሊዮ (የላስቲክ ቀለበት) አለ። ከሁሉ ትልቁ ፓራኦሊዮ የተቀመጠው ደግሞ የማርሽ ቤቱ በመሪ በሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ ጭቃ፣ ሣርና የሽቦ ቁራጭ የሚጠመጠሙትም እዚያው ላይ ነው።

በ1969 ኩቦታ ኤል200 የተባለች ባለ 21 የፈረስ ጉልበት ትራክተር ወደ አሜሪካ ላከ። ጊዜው የተመቸ ነበር። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ትልልቅ ትራክተር በመሥራት ተጠምደው ትንሹን ገበያ ትተውት ነበር። ሲነቁ እነሱም ከጃፓን ገዝተው በራሳቸው ቀለም ቀብተው መሸጥ ጀመሩ። በ1973 የወጣችው ፎርድ 1000 የሺባውራ ሥራ ናት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጡት የጆን ዲር 850 እና 950ም ያንማር የሠራቸው ናቸው።

አሜሪካዊው ገዢ ግን ሩዝ አይዘራም። ወደ ቤቱ ወስዶ ከፊቷ ሎደር ገጠመላት። ለፍግ ማውጫ፣ ለድንጋይ ማንሻ፣ ለበረዶ መግፊያ ፈለጋት። ሸክሙ በአንድ ጀንበር ከኋላ ወደ ፊት ዞረ። ፋብሪካዎቹ ይህንን አይተው ለአሜሪካ የሚልኩትን አጠንክረው መሥራት ያዙ፤ ጃፓን ውስጥ ሠርተው ያረጁት ግን በሌላ በር ይገቡ ነበር። ነጋዴዎች ያገለገሉትን ከጃፓን በርካሽ እየገዙ በኮንቴይነር ያስገቡ፣ ቀለም እያሳደሱ ይሸጡ ነበር። ኩቦታ ለአሜሪካ ዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን አቤት አለ፤ ኮሚሽኑም በ1997 ማዕቀብ ጣለባቸው። አስመጪዎቹ ይግባኝ ብለው በ1999 በፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ተረቱ።

ክርክሩ የንግድ ምልክት ክርክር ነው፤ ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን የውሳኔው ምክንያት ነው። ሁለቱ ማሽኖች አንድ ስም ይያዙ እንጂ አንድ ዕቃ አይደሉም ተብሏል። የአሜሪካዎቹ አፈርና ድንጋይ ለማንሳትና ለማጓጓዝ፣ ሎደርና መቆፈሪያ ለመሸከም ታስበው የተሠሩ ሲሆኑ፣ የጃፓኖቹ በዋናነት ሩዝ ማሳ ለማረስና ለማለስለስ የተሠሩ ናቸው። የአካል ጥንካሬያቸው ይለያያል፤ መለዋወጫቸውም እንደ ልብ አይገኝም። ጋራዥ ውስጥ በየቀኑ የሚነገረው ነገር ዳኛ ፊት ቀርቦ ጸደቀ ማለት ነው። አስመጪዎቹ ያቀረቡት ርካሽ ዋጋ ለድሃ ገበሬ ጠቃሚ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ማሽኑ ለምን እንደተሠራ ሳይነግሩ መሸጥን ከማታለል ለይቼ አላየውም።

ታዲያ ሎደር የፊት አክስልን የሚጎዳው በምን ስሌት ነው? ብዙ ሰው «ባልዲው ውስጥ 300 ኪሎ ካለ የፊት ጎማዎቹ 300 ኪሎ ተጨመረባቸው» ብሎ ያስባል። እንዲያ አይደለም። በዲጂኖ ድንጋይ ፈንቅሎ የሚያውቅ ሰው ከዲጂኖው ሥር የምትደረገው ትንሽ ድንጋይ እንዴት እንደምትደቅ አይቷል፤ እሷ ላይ የሚያርፈው የሚፈነቀለው ድንጋይ ክብደት ብቻ ሳይሆን የሰውየውም ግፊት ጭምር ነው። የፊት አክስሉ ያቺ ትንሽ ድንጋይ ነው።

በቁጥር እንየው። ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 1.6 ሜትር የሆነች ትራክተር እንውሰድ። ባልዲው ከፊት አክስሉ 1.2 ሜትር ቀድሞ 300 ኪሎ ቢይዝ፣ የፊት አክስሉ ላይ የሚጨመረው 525 ኪሎ ነው። ትርፉ 225 ኪሎ ከየት መጣ? ከኋላ ጎማዎች ተነሥቶ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይበላሻል፦ ፊቱ ከአቅሙ በላይ ይሸከማል፣ ኋላው ይቀላል። አሁን ደግሞ ከኋላ አክስል አንድ ሜትር ወደ ኋላ 300 ኪሎ የሚመዝን ሣጥን እንስቀል። ያ ሣጥን ከፊት አክስሉ ላይ ወደ 187 ኪሎ ያነሳለታል፤ 525 የነበረው ጭማሪ ወደ 338 ይወርዳል። ኋላውም የተወሰደበትን አስመልሶ ከ260 ኪሎ በላይ ያተርፋል።

ይህ ስሌት ትራክተሯ ቆማ ሳለ ነው። እነዚህ ትናንሽ ማሽኖች ከፊት ባሌስትራም ሞላም የላቸውም፤ ምቱን የሚቀበለው ጎማው ብቻ ነው። ባልዲ ሞልቶ ጉድጓድ ሲገቡ ያ 525 ኪሎ ለቅጽበት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ባልዲውን ከፍ አድርጎ በፍጥነት መሄድ፣ ክምሩን በአንድ ጥግ መምታት፣ ተጭኖ በቆመበት መሪ መጠምዘዝ፣ ሁሉም ተደምረው በመጨረሻ የሚያርፉት በሾጣጣ ማርሾቹ ጥርስና በኩሽኔታዎቹ ላይ ነው።

ሽማግሌው እዚህ ላይ አንድ መከላከያ ነበራቸው።

«እኔ እኮ የኋላ ጎማዎቹን ውሃ አስሞልቻለሁ። ክብደት ከኋላ ያስፈልጋል ብለውኝ።»

«ጥሩ አድርገዋል ጋሼ፤ ግን ለሌላ ነገር ነው የሚጠቅመው።»

ይህ ስሕተት በጣም የተለመደ ነው። የኋላ ጎማን በረዶ እንዳይሠራ ጨው በተቀላቀለ ውሃ እስከ ሦስት አራተኛው መሙላት ትራክተሯ እንዳትገለበጥ ይረዳል፤ ጎማው መሬት እንዲይዝም ያደርጋል። የዚያ ውሃ ክብደት የሚያርፈው ግን ልክ በኋላ አክስሉ ላይ ነው። ከአክስሉ ወደ ኋላ ስላላለፈ የፊቱን ሸክም አንድ ኪሎ እንኳ አያነሳም። ፊቱን የሚያቀለው ከኋላ አክስል አልፎ በባለሦስት ነጥብ ማያያዣው ላይ የተሰቀለ ክብደት ብቻ ነው፤ የኮንክሪት ሣጥንም ይሁን የሣር ማጨጃው።

መካኒኩ ይህንን በቃል ብቻ አልተወውም። ከጎረቤት ግቢ የመጣች ሌላ ትራክተር ውጭ ቆማ ነበር። ባልዲዋን ከጠጠር ክምሩ ሞላና ጥቂት ብድግ አደረገው። የፊት ጎማዎቹ ጎናቸው ተነፋ፤ የኋላዎቹ የመሬት ንክኪ ጠበበ። ከዚያ በዝግታ ወደ ኋላ ሄዶ የሣር ማጨጃውን አያያዘና ያንኑ ጠጠር ደግሞ አነሳ። የጎማዎቹ ሆድ ለዓይን በሚታይ መጠን ወደ ቦታው ተመለሰ። ሽማግሌው ዝም ብለው ዞር ዞር እያሉ አዩት። «ይህንን የሚያህል ነገር ሲሸጡልኝ አልነገሩኝም» አሉ በመጨረሻ። በመመሪያው መጽሐፍ ግን ተጽፏል። የሎደር መመሪያዎች ከኋላ ክብደት ሳይሰቅሉ አታንሱ ይላሉ። ችግሩ መመሪያው ከላስቲኩ አለመውጣቱ ነው፤ ሻጩም ገዢው ፊት ባልዲውን ከፍ ሲያደርግ ከኋላ ምን እንደሌለ ለመናገር አይቸኩልም።

ሁለተኛው ጉዳት ከአስፋልት ይመጣል። ባለ አራት ጎማ ነጂ ትራክተር ውስጥ የፊት ጎማዎቹ ከኋላዎቹ ጥቂት፣ በተለምዶ ከ1 እስከ 5 በመቶ፣ እንዲፈጥኑ ተደርገው ይሠራሉ። ጭቃ ላይ ትርፉ በመንሸራተት ይጠፋል፤ ፊቱ እየጎተተ ትራክተሯን ቀጥ አድርጎ ይይዛታል። አስፋልት ላይ ግን ጎማው አይንሸራተትም። ትርፉ መውጫ ሲያጣ ዘንጎቹን ይጠመዝዛል፣ ማርሾቹን ያፋጫል፣ ጎማውን ይበላል። በመታጠፊያ ላይ ደግሞ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሄዱ ነገሩ ይብሳል። ስለዚህ ደረቅና ጠንካራ መንገድ ላይ የፊቱን መንጃ ማጥፋት ነው። ከፊት ብቻ አዲስ ጎማ መቀየር፣ ወይም ቁመቱ የተለየ ጎማ መግጠም፣ ፋብሪካው ያሰላውን ልዩነት ስለሚያናጋ ያው ጉዳት ነው።

አንድ ሁኔታ ግን ከዚህ ይለያል፤ እሱን የዘነጋ ሰው አክስሉን ሊያተርፍ ሲል ሕይወቱን ያጣል። በአብዛኞቹ ትናንሽ ትራክተሮች ፍሬን ያለው በኋላ ጎማዎች ላይ ብቻ ነው። ባልዲ ሞልቶ ቁልቁለት ሲወርዱ ኋላው ከቀለለ፣ ፍሬኑን ቢረግጡትም የሚይዘው መሬት የለም። የፊቱ መንጃ ከገባ ግን የፊት ጎማዎቹም ከኋላዎቹ ጋር በዘንግ ስለሚያያዙ አብረው ይይዛሉ። በቁልቁለት ላይ የፊቱን መንጃ አስገቡ፤ አክስሉ ትንሽ ቢበላ ይበላ።

አክስሉ ከትራክተሯ ጋር የሚያያዘው በመካከሉ ባለች አንዲት ወፍራም ፔርኖ ነው። በእሷ ላይ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው ከመሬት እንዳይለቅ። ማሴይ ፈርጉሰን ሲፈታ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የትልቁም የትንሹም ዘዴ አንድ ነው። ብዙ ነጂ የማያስተውለው ግን ይህ ነው፦ ፊቱ ስለሚወዛወዝ፣ አክስሉ ማቆሚያውን እስኪነካ ድረስ ትራክተሯ በጎን ተዳፋት ላይ የምትቆመው በአራት ጎማ ሳይሆን በሁለቱ የኋላ ጎማዎችና በዚያች ፔርኖ፣ በሦስት ነጥብ ነው። ከፍ ብሎ የተሰቀለ ባልዲ ያንን ሦስት ማዕዘን በቀላሉ ያፈርሰዋል። በአሜሪካ እርሻዎች ላይ ከሌላ ከማንኛውም አደጋ ይልቅ ብዙ ሰው የሚገድለው የትራክተር መገልበጥ ነው።

ፔርኖዋ ግራሶ ካላገኘች ያቀፋት ቦኮላ ይበላል፣ አክስሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንገጫገጭ ይጀምራል፣ መሪው ይዋልላል። መካኒኩ የግራውን ጎማ ከመፍታቱ በፊት የተጎዳችዋን ትራክተር ፔርኖ ሲፈትሽ ምንም የተለየ መሣሪያ አልተጠቀመም። ክብደቱን ከፊት ጎማዎች በክሪክ ካነሳ በኋላ ረጅም ብረት አስገብቶ አክስሉን ወደ ላይ ገፋው፤ ቀጥሎ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀው። ፔርኖዋ ጥቂት ተነቃነቀች። የግራው ኩሽኔታ አጉረመረመ። ትልቁ ፓራኦሊዮ ላይ የሰማያዊ ናይሎን ገመድ ክር ተጠምጥሞ ከንፈሩን ቆርጦታል፤ ውሃው የገባው በዚያ ነው። ድርቆሽ የታሰረበት ገመድ ነው፤ ከበጎቹ በረት የመጣ።

እኔ ከዚህ የያዝኩት ፍርድ ይህ ነው። የአክስሉ ወፍራም ብረት ቶሎ አይሰበርም። የሚቀድመው የላስቲክ ቀለበቷ መቆረጥ ነው። ውሃ ይገባል፣ ዘይቱ ይበላሻል፣ ኩሽኔታው ይላላል፣ ኩሽኔታው ሲላላ ጥርስና ጥርስ በትክክል መገናኘት ያቆማሉ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ባልዲ ጠጠር ይበቃል። «የዚህ ኩባንያ አክስል ሸክላ ነው፣ የዚያኛው ግን ብረት ነው» የሚለው የባለቤቶች ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። ስንት ኪሎ ሰቅለሃል፣ ከኋላ ምን አለህ፣ ዘይቱን መቼ አየኸው የሚሉት ጥያቄዎች ናቸው ልዩነት የሚያመጡት።

በኢትዮጵያ ይህ ወሬ የሩቅ ሊመስል ይችላል። በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳ የሚታየው ትልቁ ትራክተር ነው፤ ለትንሽ ይዞታ የሚመከረው ደግሞ በእጅ የሚመራው ባለ ሁለት ጎማ ሲሆን እሱ የፊት አክስል የለውም። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ግን ከ20 እስከ 40 የፈረስ ጉልበት ባለው ማሽን ሊሞላ ይችላል። በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ የለመደው የፎገራ ሜዳ፣ ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት ጥቁር አፈሩ፣ የጃፓኑ መሐንዲስ ያሰበውን ማሳ ይመስላል። እዚያ ሎደር የሚገጥም ጥቂት ነው። የእኛ ፈተና ከሌላ በኩል ይመጣል። ትራክተር ከማረስ እኩል ተጎታች እየሳበ አስፋልት ላይ ይውላል፤ የፊት መንጃው ሳይጠፋ ከከተማ ከተማ ከተሄደ የቨርጂኒያው ጉዳት ያለ ጠጠርም ይደርሳል። ጭቃው ደግሞ ፓራኦሊዮውን በየክረምቱ ይፈትነዋል።

ስለዚህ ያገለገለች ትንሽ ትራክተር ለመግዛት የምታስቡ፣ ወይም ለማኅበር የምታስመጡ፣ ሞተሩ ሲነሳ ሰምታችሁ ብቻ አትፈርሙ። የፊት አክስሉን ዘይት ከግራም ከቀኝም አስወርዳችሁ እዩ፤ ነጥቶ ከወረደ ወይም ብናኝ ካለው ዋጋውን አስቀንሱ፣ ካልሆነም ተዉት። በክሪክ አስነሡና ጎማውን ነቅንቁት። ሻጩን የአክስሉን ፓራኦሊዮ፣ ኩሽኔታና ቦኮላ ከነቁጥራቸው ዝርዝር ጠይቁት፤ ለአንድ ሙሉ ጥገና የሚበቃ መለዋወጫ ከማሽኑ ጋር አብሮ ካልመጣ ውሉን አታስሩ።